የጀልባው ወዝ የት ሄደ?
ስለ ፋይበር ግላስ ጀልባ አወላወልና አጠባበቅ

የነገሌ ቦረና ልጅ ስለ ጀልባ ልጽፍ ነው ሲል አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ከተማችን ሐይቅ የላትም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ውኃ ማለት በጀሪካን ተቀድቶ አህያ ላይ የተጫነ ነገር ነው። ገናሌና ዳዋም ቢሆኑ ራቅ ብለው ነው የሚያልፉን። ስለዚህ ጀልባን በቅርብ ያየሁት አድጌ፣ የኮሌጅ ተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ በአዶላ፣ በሐዋሳና በሶዶ አድርጌ አርባ ምንጭ አጎቴ ዘንድ የሄድኩ ጊዜ ነው።

አጎቴ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጎብኚ ያመላልሳሉ። ጫሞን ለማታውቁ፦ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ከፊሉ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። ከሰሜን ጎረቤቱ ከአባያ የሚለየው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ጠባብ መሬት ነው። ሰው የሚመጣው በዋናነት «የአዞ ገበያ» በተባለው ዳርቻ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ የሚሞቁትን አዞዎች ለማየት ነው። ጉማሬውም፣ ወፉም አለ። ይህን ሁሉ ለማየት ግን ጀልባ ያስፈልጋል፤ የአጎቴ እንጀራም ያ ነው።

ጀልባው ነጭ ነበር፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። «ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ ስደርስ ነጩ እንደ ጠመኔ ደብዝዟል፣ ሰማያዊውም አመድ መስሏል። አጎቴ እጃቸውን ጎኑ ላይ አሻሽተው መዳፋቸውን አሳዩኝ፤ ዱቄት ነው።

«ኬሚስትሪ ነው የምትማረው አይደል? እስቲ ይሄ ምን እንደሆነ ንገረኝ። ሰው ሱሪውን እያራገፈ ነው የሚወርደው» አሉኝ።

እኔም ኩራት ይዞኝ «ቆሻሻ ነው ጋሼ፣ እኔ አበራልዎታለሁ» አልኩ። ይቺ መልስ አጎቴን የዘጠኝ ቀን ሥራ አስከፍላቸዋለች። በዚህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ የምለውን ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጉዳዩ ለጀልባ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ፋይበር ግላስ ምንድን ነው?

ፋይበር ግላስ ለመረዳት ከጭቃ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭዱም ብቻውን አይቆምም። ጭድና ጭቃ አብረው ሲቦኩ ግን ጠንካራ ግድግዳ ይወጣቸዋል። በፋይበር ግላስ ውስጥ ጭዱ እንደ ክር የቀጠነ ብርጭቆ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር። ሬዚኑ ሃርድነር ሲጨመርበት ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ ቢያሞቁትም ተመልሶ አይቀልጥም። በዚህ ዘዴ ጀልባ መሥራት የተጀመረው በአሜሪካ በ1940ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ትናንሽ የሞተር ጀልባዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከዚህ ነው።

የጭቃ ቤት ከመረጉ በላይ ልስን እንዳለው ሁሉ ፋይበር ግላስ ጀልባም በላዩ ላይ «ጄልኮት» የሚባል ልባስ አለው። ጄልኮት ቀለም የተቀላቀለበት ሬዚን ነው፤ በውስጡ የብርጭቆ ክር የለም። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ማማር፣ ሁለተኛው ውኃና ፀሐይ ወደ ውስጠኛው ክር እንዳይደርሱ መከልከል። እኛ ወዝ የምንለው የዚህ ልባስ ፊት ለስላሳ ከመሆኑ የሚመጣ ነው። ለስላሳ ፊት ብርሃንን እንደ መስታወት በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ የሻከረ ፊት ግን በየአቅጣጫው ይበትነዋልና ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር እንያዝ። የጄልኮት ውፍረት በተለምዶ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ቀለም ላይ ካለው የላይኛው ልባስ ጋር ሲነፃፀር በጣም ወፍራም ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። «ወፍራም ነው፣ ቢፋቅ ምን ይሆናል» ይላል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት ግን አምስት ወይም ስድስት የደብተር ወረቀት ተደራርቦ ማለት ነው። ካለቀ አለቀ፤ እንደ ቆዳ ራሱን አይተካም።

ወዙን ማን ወሰደው?

አንደኛ ተጠያቂ ፀሐይ ናት። ክፍል ውስጥ የተማርነውን እናስታውስ። 300 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር በሞል 400 ኪሎ ጁል ገደማ ኃይል ይይዛል። ሁለት ካርበኖችን የሚያያይዘው ነጠላ ቦንድ ደግሞ በ350 ኪሎ ጁል አካባቢ ይበጠሳል። ስለዚህ ጨረሩ በሬዚኑ ከተዋጠ ሰንሰለቱን ለመበጠስ የሚበቃ ኃይል አለው ማለት ነው። ከአየር ኦክስጅን ጋር ተባብሮ የላይኛውን ሬዚን እየበላ ሲሄድ፣ በሬዚኑ ተይዞ የነበረው የቀለም ብናኝ ይለቀቃል። የነጭ ቀለም ብናኝ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። አጎቴ መዳፋቸው ላይ ያሳዩኝ ዱቄትም እሱ ነው፦ ከውጭ የመጣ ቆሻሻ ሳይሆን የራሱ የጀልባው ፊት።

የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ እንደምታውቋት ናት። ነገሌም አርባ ምንጭም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ላይ ስለሚገኙ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ሰሞን፣ በቀጥታ በአናታችን ላይ ትሆናለች። ከፍታም ይጨምርበታል። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። «ቆላ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው» ብለን እንዳንዘናጋ፤ የእኛ ቆላ ከባሕር ዳር አገሮች አንፃር ሰገነት ነው።

አንዳንድ ሰው ጉዳቱ ከውኃው ላይ ተንፀባርቆ የሚመጣ ይመስለዋል። የተኛ ውኃ ግን ከሚያርፍበት አልትራቫዮሌት የሚመልሰው ከ10 በመቶ ያነሰውን ነው። ዋናው የሚመጣው ከላይ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ሁለተኛው አቧራ ነው። አቧራ በራሱ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በደረቅ ጨርቅ ስንጠርገው ነው። በአፈር ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት በጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ብረት የሚጭር ነገር ለሬዚን አይራራም። በደረቁ የሚወለውል ሰው ሳያውቀው በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነው።

ሦስተኛው ውኃው ራሱ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውኃ አልካላይን ነው፤ የጫሞና የአባያ ፒኤች ከ8 በላይ ነው። ሲረጭና ሲደርቅ ነጭ የጨው ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ፖሊስተር ማለት በኤስተር ቦንድ የተያያዘ ነገር እንደሆነ እናውቃለን። ኤስተር ከቤዝ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን የሳሙና ላብራቶሪ የሠራን ሁሉ አይተናል። በሐይቁ ውስጥ ነገሩ እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ልባሱ የሳሳበት ቦታ ካለ ሙቅ ውኃ ቀስ ብሎ ይገባና በውስጥ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይፈጥራል። ስለዚህ የጄልኮት ነገር የቁንጅና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሥሩ አዞና ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ላይ ሰው አሳፍሮ የሚሄድ ጀልባ ገላው ጤነኛ መሆን አለበት።

እኔ የሠራሁት ስህተት

ነገሌ ሳለሁ ከትምህርት መልስ አንድ የባትላሜራና የቀለም ጋራዥ ውስጥ እውል ነበር። መኪና ስቱኮ ሲቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈጋ፣ ቀለም ሲረጭ አይቻለሁ። እዚያ ያየሁት ነገር ቀላል ነው፦ ፊቱ ካላማረ ይፈጋል፣ ከዚያ አዲስ ቀለም ይለብሳል። ጀልባውንም በዚሁ ዓይን አየሁት። የረሳሁት ነገር ቢኖር ከፈጋሁት በኋላ የምቀባው አዲስ ቀለም እንደሌለ ነው።

ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ጀመርኩ። ከዚያ እጄ ሲደክም ከጎረቤት የብረት መሞረጃ ግራይንደር ተዋስኩና የሱፍ ፓድ አሰርኩበት። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ትሽከረከራለች። ለመወልወያ የተሠራ ማሽን የሚሠራው ግን ከ3,000 ዙር በታች ነው፤ ለጄልኮት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይደረጋል። በእኔ ፍጥነት ሬዚኑ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይነሳል።

መጀመሪያ ላይ ጎኑ ሲያበራ አጎቴ በደስታ ሻይ አዘዙልኝ። ከሰዓት በኋላ የጀልባው አፍንጫ ላይ ደረስኩ። ጠርዝ ነው፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ልባሱ ይሳሳል፣ ማሽኑም ጫናውን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያሳርፋል። ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ነጩ ሄዶ ከሥሩ አረንጓዴ የመሰለ ግራጫ ነገር ወጣ፤ በላዩ ላይ እንደ ጆንያ የተሸመነ መስመር ይታያል። የብርጭቆው ክር ነበር።

አጎቴ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩት። ብዙ አልተናገሩም። «ነጩ አለቀ እንዴ?» ብቻ ነው ያሉት። በማግስቱ ጎብኚ ነበራቸው። ቦታው ከውኃው መስመር በላይ ነውና «ይሄዳል» ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ግን «ውስጡ እየታየ ሰው አልጭንም» ብለው ሥራውን ለሌላ ባለጀልባ ሰጡ። ልክ ነበሩ። ከሞተሩ ጋር የሚረጨው ውኃ በተጋለጠው ክር ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ሊገባ ይችላል።

ጄልኮቱና ሃርድነሩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ሄዱ። ሲመጣም አልቀናኝም። ቀባሁት፣ ጠበቅሁት፣ ላዩ አልደርቅ አለ፤ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። «ዕቃው የተበላሸ ነው» ብዬ ነበር። የፖሊመር ኮርስ ያስተማሩንን መምህር ስልክ ደውዬ ብጠይቅ ሳቁ። ሬዚኑ የሚጠነክረው በፍሪ ራዲካል ነው፤ የአየር ኦክስጅን ደግሞ ራዲካሉን ይይዘዋል። ስለዚህ ከአየር ጋር የሚገናኘው ፊት ሳይጠነክር ይቀራል። መፍትሔው አየሩን መከልከል ነው። በሁለተኛው ሙከራ ከቀባሁ በኋላ ንጹሕ ፌስታል ዘርግቼ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር አሸግሁት። ጠነከረ። ቀለሙ ግን ከአሮጌው ጋር አልገጠመም፤ አዲሱ ወተት ነው፣ አሮጌው በፀሐይ ብዛት ወደ ቅቤ ሄዷል። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ታዲያ እንዴት ይወለወላል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገባኝ ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ መወልወል ማለት መፋቅ ነው። የደበዘዘውን ፊት አንስቶ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ፊት ማውጣት ነው እንጂ ወዝ መጨመር አይደለም። ለምሳሌ ያህል እናስላ። ልባሱ 500 ማይክሮ ሜትር ነው እንበል፤ አንድ ከባድ ውልወላ 25 ማይክሮ ሜትር ይወስዳል እንበል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብንደጋግመው በ10 ዓመት ያልቃል። በሁለት ዓመት አንዴ ቢሆን ግን 40 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ጎበዝ ባለጀልባ አዘውትሮ የሚወለውለው ሳይሆን መወልወል እንዳያስፈልገው አድርጎ የሚጠብቀው ነው።

አስፈላጊ ሲሆን ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. ጀልባውን ወደ ደረቅ ማውጣት። በሌላ አገር ሰዎች ውኃ ውስጥ ቆመው ጀልባ ያጥባሉ፤ ጫሞ ላይ ይህን የሚሞክር የለም። ከአዞው በተጨማሪ ሳሙናውና የሚፋቀው ዱቄት ወደ ሐይቁ እንዳይገባም ጥሩ ነው፤ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ቦታው ጥላ ይሁን። በጋለ ፊት ላይ ምንም ነገር አይሠራም።

2. ማጠብ። በመጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ብቻ አቧራውን ማውረድ፤ ከዚያ በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙናና ስፖንጅ ከላይ ወደ ታች ማጠብ። ሁለት ባልዲ ቢኖር ይመረጣል፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። አለዚያ ያወረድነውን አሸዋ መልሰን እናሻሸዋለን።

3. መመርመር። ጥቁር ጨርቅ ወስዶ ማሸት፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ ፊቱ ተበልቷል። ከዚያ ጥቂት ውኃ ማፍሰስ። እርጥብ ሲሆን ካበራና ሲደርቅ ከደበዘዘ ችግሩ የፊቱ መሻከር ብቻ ነው፤ ውኃው ሻካራውን ስለሞላው ነው ያበራው። ይህ ደግሞ በውልወላ ይድናል። የክር ሽመና ከታየ፣ ወይም ከሥሩ ሌላ ቀለም ከመጣ ግን መወልወል ይቁም፤ እዚያ የሚያስፈልገው አዲስ ልባስ ነው።

4. ከለስላሳው መጀመር። በማይታይ ቦታ አንድ ክንድ የሚያህል ስፋት ላይ ለስላሳውን ፖሊሽ በእጅ መሞከር። ከበቃ እሱው ይበቃል። ካልበቃ ሸካራ የሆነውን ኮምፓውንድ። እሱም ካልበቃ ብቻ ቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት በውኃ፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ እንደገና ኮምፓውንድና ፖሊሽ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የቀደመውን ጭረት ማጥፋት አለበት። ደረጃ መዝለል ትርፉ ድካም ነው።

5. ጠርዙን መጠበቅ። ማሽን ከመያዛችሁ በፊት ጠርዝና ማዕዘኑን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን፤ እነሱን በእጅ ብቻ መሥራት። ማሽኑ ፍጥነቱ የሚስተካከል፣ ለመወልወያ የተሠራ ይሁን፤ አንድ ቦታ ላይ አይቁም። በየጊዜው በእጅ ጀርባ መንካት፤ ካቃጠለ ማረፍ።

6. የቀረውን ኮምፓውንድ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር መሸፈኛውን መቀባት። የተወለወለ ፊት ያለ መሸፈኛ ከቀረ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ወደነበረበት ይመለሳል።

ስለ ሰም

መሸፈኛ ማለት በዋናነት ሰም ነው። ሰሙ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ውኃና ቆሻሻ በቀጥታ ከልባሱ ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል፤ እኛ ስንወለውልም በመጀመሪያ የሚፋቀው እሱ እንጂ ልባሱ አይደለም። ለመኪናና ለጀልባ የሚሸጠው ሰም በብዛት ካርናውባ ያለበት ነው፤ ካርናውባ በብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚገኝ ሰም ነው። ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው የሚቀልጠው።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የንብ ሰም በየገበያው አለ። ለምን በሱ አንቀባም? እኔም ሞክሬዋለሁ። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከመቅለጡ በፊትም ይለሰልሳል። በእኩለ ቀን ፀሐይ የጋለ ጀልባ ላይ ሲቀባ ይልፈሰፈሳል፣ አቧራም ይይዛል። ቅቤ የተቀባ ፊት ሲወጣ ያበራል፣ ከገበያ ሲመለስ ግን አቧራ ለብሶ ነው፤ እንደዚያ ማለት ነው። ብቻውን አይሆንም። ከዚህ ሌላ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ያላቸው መሸፈኛዎች አሉ፤ ከሰም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፣ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው።

አቀባቡ ቀላል ነው። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር እስኪመስል መጠበቅ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ (ያረጀ ካናቴራ ይሆናል) ማንሳት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ መድገም። ወፍራም መቀባት ብክነት ነው። በእኛ አገር ፀሐይ በየሦስት ወሩ ቢታደስ ጥሩ ነው። መታደስ እንዳለበት የሚነግራችሁ ውኃ ነው፦ ሲረጭ ዶቃ እየሠራ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከቀረ ሰሙ አልቋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተሳፋሪ የሚረግጠው ወለል ሰም አይቀባም። ያንሸራትታል። ጫሞ ላይ ተንሸራቶ መውደቅ የልብስ መራስ ብቻ አይደለም።

የማይደረጉ ነገሮች

ላቫጆ ቤት የሚደረገው ሁሉ ለጀልባ አይሆንም። በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ የተሸገ ነገር ለአንድ ቀን ያበራል፤ ያ ግን ውኃ ሲፈስበት እንዳበራው ያለ ነው፣ ሻካራውን ዘይት ሞልቶት እንጂ ፊቱ ድኖ አይደለም። አቧራውን ደግሞ እንደ ማግኔት ይሰበስበዋል። በረኪናና የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ያወልቃሉ፤ ቲነርና አሴቶን ደግሞ ፊቱን ሊያለሰልሱ ስለሚችሉ ካስፈለገም ለአፍታ ጠብታ ቅባት ለማንሳት ብቻ ነው። ሲሊኮን ያለበት ማብሪያም አታላይ ነው። ዛሬ ያምራል፣ ነገ ጥገና ሲያስፈልግ ግን አዲሱ ልባስ አልይዝ ብሎ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል።

ጄልኮት ለመጠገን የምትሞክሩ ካላችሁ ሃርድነሩ ፐርኦክሳይድ መሆኑን አትርሱ። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽርና ጓንት ግድ ነው። ኮባልት ካለበት ማፍጠኛ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ሊፈነዳ ይችላል፤ ሁሌም አንዱ በሬዚኑ ውስጥ በደንብ ከተበጠበጠ በኋላ ነው ሌላው የሚጨመረው። በተዘጋ ክፍል ውስጥም አይሠራም፣ የስታይሪኑ ሽታ ራስ ያዞራል።

ሸራው

ጉዳቱ በዋናነት ከላይ ነው የሚመጣው ብለን ነበር። እንግዲያው ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ በብር የሚገዛ ፖሊሽ አይደለም፤ ጥላ ነው። አጎቴ አሁን ሥራ ሲያበቃ ጀልባውን በሸራ ይሸፍኑታል። ሸራው ገላውን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ተደርጓል፤ ምክንያቱም ነፋስ ሲያራግበው አቧራውን ይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ አየርም ካላለፈ እርጥበቱ ይታፈናል። ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ ያለቀልቁታል፣ የጨው ጠባሳ አድሮ እንዳይደርቅ። በየሦስት ወሩ ሰም። በቃ። ከዚያ ወዲህ ኮምፓውንድ አልነካውም።

ለነገሌ ልጆች

መጀመሪያ ላይ ቃል ገብቼ ነበር። ነገሌ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ የትም ብትሄዱ ጀልባ አይኖርም፤ ፋይበር ግላስ ግን አለ። የከባድ መኪና ጣሪያ ላይ ያለው የነፋስ መክፈያ፣ አንዳንዱ የመኪና መከላከያ፣ አንዳንዱ የውኃ ታንከር ከዚሁ ነው የሚሠራው። ፀሐይዋ ያቺው ናት፣ ቀይ አቧራው እንዲያውም ይብሳል። በመንገድ ዳር በደረቅ ጨርቅ የሚጠረግ ቀይ መከላከያ በሁለት ዓመት ሮዝ ሲሆን አይተን «ቀለሙ ርካሽ ነው» እንላለን። ግማሹ ጥፋት ግን የጨርቁ ነው። ውኃ በኛ ከተሞች እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው በደረቁ የሚጠረገው፤ ይህ ይገባኛል። ቢሆንም አንድ ጆግ ውኃ በቅድሚያ ማፍሰስና ጨርቁን አርጥቦ ሳይጫኑ መሳብ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ባለፈው ሴሚስተር እረፍት አርባ ምንጭ ተመልሼ ነበር። ጀልባው ነጭ ነው፤ አፍንጫው ላይ የኔ ጠባሳ በደንብ ይታያል። አንድ አዲስ ጀልባ የገዛ ጎረምሳ መጥቶ አጎቴን «በምንድን ነው የሚያበሩት?» ብሎ ጠየቃቸው። አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «እሱን ጠይቀው፤ እሱ በምን እንደሚጠፋ ያውቃል» አሉት። ሸራውን አሳየሁት።